አዲስ ሞተረኛ ነኝ፤ የቱን ላስቀድም?

ጀማሪ ከአራት ኪሎ፦
ሰላም ቤተሰብ። መንጃ ፈቃድ ገና ማውጣቴ ነው። ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ በየቀኑ በሞተር ልመላለስ ነው። ብሬ ሁሉንም ባንዴ አይገዛም። ጓደኛዬ ያገለገለ ሄልሜት በነፃ ልስጥህ ብሎኛል፣ ወድቆበት ጎኑ ትንሽ ተፍቋል። ልውሰደው?

የፒያሳው፦
ወንድሜ ይቅርብህ። ውስጡ ያለው ፎም አንዴ ከተመታ ይጨመቃል፣ ተመልሶ አይነሳም፤ ከውጭ ደህና ቢመስልም ሁለተኛውን ምት አይችልም። ብርህን መጀመሪያ እዚህ ላይ አውጣ። አገጭ የሚሸፍነውን ግዛ። የኢሲኢ 22.06 (ECE፣ የሄልሜት ደህንነት ደረጃ ነው) መለያ ይኑረው። ስትለካው ጉንጭህን ጠበቅ አድርጎ ይያዝ። ከዚያ አስረኸው ከኋላ ወደ ፊት ግፋው፤ ከወለቀ ልክህ አይደለም፣ ሻጩ ምንም ቢልህ ተወው።

6 ዓመት በሞተር፦
ልክ ነው። ቀጥሎ ጓንት። ባለፈው ክረምት ቸርችል ጎዳና ቁልቁለቱ ላይ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ተንሸራተትኩና በመዳፌ አረፍኩ። የቆዳ ጓንቴ ተፍቆ ክሩ ወጥቷል፣ እጄ ግን ጭረት እንኳን የለበትም። ጂንሴ ጉልበቱ ላይ ወዲያው ነው የተቀደደው፣ ቁስሉ ወር ፈጀብኝ። ጫማህም ቁርጭምጭሚት ይሸፍን። በሸበጥ እንዳትነዳ፣ በማርያም!

ጀማሪ ከአራት ኪሎ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ጃኬቱስ?

የፒያሳው፦
ክርኑና ትከሻው ላይ መከላከያ ያለው ይሁን። ሞተር ላይ ቁጭ ብለህ ልበሰው፣ እጅህን ስትዘረጋ መከላከያው ከክርንህ ከሸሸ ሌላ ቁጥር ሞክር። ለማታ ደግሞ ጥቁር መስታወት ያለው ሄልሜት አትግዛ።