ቅዳሜና እሑድ አራት ቦታ ቃል ገብቻለሁ፣ የቱን ልተው? እባካችሁ ዛሬውኑ መልሱልኝ

የሁለቱ እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሐሙስ ምሽት)
ሰላም ናችሁ? ጊዜ የለኝም፣ ባጭሩ ልንገራችሁ። ነርስ ነኝ፣ ነገ አርብ ማታ ሥራ እገባለሁ፣ ቅዳሜ ንጋት 1 ሰዓት እወጣለሁ። አማቴ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ቅዳሜ ጠዋት ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ይገባሉ። የዚያኑ ቀን የጓደኛዬ ልጅ ክርስትና ነው። ዶሮ ወጡን እኔ እሠራለሁ ብያለሁ፣ ሽንኩርቱ እንኳን ገና አልተላጠም። ማታ የአክስቴ ልጅ ሰርግ አለ፣ ልጄ አበባ ይዛ ከፊት ትሄዳለች። እሑድ ደግሞ መልስ። ትምህርት ከተዘጋ ጀምሮ ልጆቹ ቤት ስለሆኑ ቀን መተኛት አልቻልኩም። ዛሬ ሥራ ቦታ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ደረቴንም ጭምድድ አደረገኝ። ፈረቃ ልቀይር ብል ሰው የለም ተባልኩ። የዓመት ፈቃዴን ለኢትዮጵያውያን የኳስ ዝግጅት ሳምንት ጨርሼዋለሁ። የቱን ልሰርዝ? ሰው ሳላስቀይምስ እንዴት ብዬ ልንገራቸው?

የቨርጂኒያው ሹፌር
አይዞሽ እህቴ። ደለስ በየቀኑ ሰው አመላልሳለሁ፣ እሱን ክፍል ለእኔ ተዪው። አማትሽ እግራቸውን የሚያማቸው ከሆነ አሁኑኑ አየር መንገዱ ጋ ደውላችሁ ዊልቸር አስመዝግቡ። እግራቸው ደህና ከሆነም ቋንቋ አይችሉም፣ ብቻቸውን ናቸው ብላችሁ አጃቢ ጠይቁ። የሚገፋቸው ሰው ኢሚግሬሽኑንም ሻንጣውንም አሳልፎ በር ድረስ ያመጣቸዋል። የምትኖሩበትን አድራሻና ስልካችሁን በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ ፎቶውን አዲስ አበባ ላሉት ላኩ፣ አትመው እጃቸው ላይ ይስጧቸው። የት ነው የሚያርፉት ተብለው መጠየቃቸው አይቀርም። አውሮፕላኑ ባረፈ ደቂቃ መድረስም የለብሽም፣ እስኪወጡ ብዙ ጊዜ ይፈጃል።

ቤቲ ከአርሊንግተን
ፈረቃሽን ከአንድ ሰው ጋር ለምን አትቀያየሪም? ሁሉም ነገር ይቀልልሻል።

የሰንበት ተማሪ
ይህ ነገር በየዓመቱ ለምን እንደሚደርስብን ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። የሰኔ ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው፣ በፈረንጅ ጁላይ 12። ፍልሰታ የሚገባው ነሐሴ 1፣ ማለትም ኦገስት 7 ነው። በጾም ሰርግ የለም። ስለዚህ በዚህ ሰሞን ሰርግ ያሰበ ሁሉ ያለው በመሃል ሦስት ወይም አራት ቅዳሜ ብቻ ነው። አዳራሹም፣ ፎቶ አንሺውም፣ እኛም የምንጣበበው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ በፈረንጅ ከ1984 ጀምሮ ያለው፣ በጁላይ 4 ሰሞን የሚደረገው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ዝግጅት አለ። ሰው ፈቃዱንም ገንዘቡንም እዚያ ጨርሶ ይመለሳል። ክርስትናው ደግሞ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ነው፣ ሕፃኑ መቼ እንደተወለደ እንጂ ለእኛ መቼ እንደሚመች አይጠይቅም። ስለዚህ የሚመጣው ዓመት መርሐ ግብር በጥር ወር መያዝ አለበት። ካላንደር ገዝታችሁ ጾሞቹን አስቀድማችሁ ቀለም ቀቡ። ለአንድ ቅዳሜ ከአንድ ነገር በላይ አትጻፉ። ከወር ውስጥ አንዱን እሑድ ባዶ ተዉት፣ ለማንም አትስጡ።

የሁለቱ እናት
ወንድሜ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ግን እኔ የቸገረኝ የነገ ወዲያው ነው።

እትዬ (አሌክሳንድሪያ)
ልጄ፣ ቅር አይበልሽና በጥያቄሽ አልስማማም። «የቱን ልሰርዝ» የሚል ነገር እኛ ዘንድ አልነበረም። ባለቤቴ ያረፈ ጊዜ ይኸው የምትሸሹት ሰው ነው ቤቴን የሞላው። ምግብ አብስሎ፣ ልጆቼን ትምህርት ቤት አድርሶ፣ ሳምንት ሙሉ ሳይለየኝ የቆየው እሱ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። የከበደሽ ሃምሳውንም ለብቻሽ ስለያዝሽ ነው። ለመሆኑ የሚመጡት አማትሽ አይደሉም እንዴ? ልጃቸው የት ሄደ?

የሁለቱ እናት
እትዬ፣ ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ኦሃዮ ላይ ጭነት ይዟል፣ የሚገባው ቅዳሜ ማታ ነው። ወንድሙ ግን እዚሁ ፎልስ ቸርች ይኖራል።

እትዬ (አሌክሳንድሪያ)
እንግዲያውስ ምን ትጠብቂያለሽ? የገዛ ልጃቸው ይቀበላቸዋ! እናቱ ናቸው፣ ክብሩም የሱ ነው። አሁኑኑ ደውይለት።

ሌሊት ሠራተኛ
እኔም ነርስ ነኝ፣ እባክሽ ይህን ሳታነቢ አትለፊ። መጀመሪያ ደረትሽ። ጭንቀት ሊሆን ይችላል፣ ግን ጭንቀት ነው ብሎ መተው ለበሽተኞቻችን የማንመክረው ነገር ነው። ዛሬ የደም ግፊትሽን ተለኪ፣ ነገ ለሐኪምሽ ደውይ። ከተመለሰብሽ፣ ወደ ክንድሽ ወይም ወደ መንጋጋሽ ከሄደ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ 911 ደውይ። ራስሽ እየነዳሽ እንዳትሄጂ።

ሁለተኛ፣ ከሌሊት ሥራ ወጥተሽ ወደ ደለስ አትነጂም። 17 ሰዓት ያልተኛ ሰው ሲነዳ በደሙ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ነው የሚሆነው። 24 ሰዓት ከሆነ 0.10 ይደርሳል። በሜሪላንድም በቨርጂኒያም የሰካራም መለኪያው 0.08 ነው። አንቺ ደግሞ ቀን አልተኛሁም ብለሻል። ያንን ቤልትዌይ፣ የዋሽንግተን ዙሪያ አውራ ጎዳናውን፣ እንቅልፍ እያዳፋሽ እንዳታስቢው። መስኮት መክፈትና ሙዚቃ መጨመር አያድንም። ቡናም ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ አትጠጪ፣ ጠዋት ቤትሽ ስትገቢ እንቅልፍ ይነሳሻል። ከሥራ በቀጥታ ወደ ቤት፣ ስልክ ጠፍቶ፣ መጋረጃ ተዘግቶ፣ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ተኚ። ከዚያ ሰርጉ።

ቤቲ ከአርሊንግተን
እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው፣ ፈረቃውን ከቀየረች እኮ ቀን መተኛት አያስፈልጋትም።

ሌሊት ሠራተኛ
ቤቲዬ፣ ጠይቃ ሰው የለም ተብላለች እኮ። በመጨረሻ ሰዓት አመመኝ ብላ ብትቀር ደግሞ ሸክሙ የሚወድቀው ጓደኞቿ ላይ ነው።

ወጥ ሠሪዋ
ስለ ዶሮው ማንም አልተናገረም። የእኔ ማር፣ ለክርስትና የሚሆን ዶሮ ወጥ ሽንኩርቱ ብቻ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ታውቂያለሽ። ነገ ማታ ሥራ እየገባሽ አይሆንም። ለጓደኛሽ ዛሬ ማታ ደውይላት፣ በጽሑፍ አትላኪ። ድምፅሽን ስትሰማ ነው የሚገባት። እንዲህ በያት፦ «የኔ ቆንጆ፣ ዶሮውን መሥራት አልቻልኩም፣ ሌሊት ሥራ ነኝ። ከሚያበስሉ እናቶች አዝዤ በጊዜው እንዲደርስሽ አደርጋለሁ። እኔ ቅዳሜ አልመጣም፣ በሳምንቱ መጥቼ እጠይቅሻለሁ።» በቃ። ምክንያት አትደርድሪ፣ በተደረደረ ቁጥር ሰው መፍትሔ ይፈልግልሻል፣ መልሰሽም እሺ ትያለሽ። ግን ዛሬ! ነገ ከሰዓት ብትነግሪያት ትቀየማለች፣ እውነቷንም ነው። የምታበስል ሰው ለአርብ ቅዳሜ ማግኘትም ከዛሬ ካለፈ ይከብዳል።

ዘመድ ብዙ
መልሱን ግን ትሂድ እንዴ? ሰርጉ ላይ ከታየች ይበቃል። መልስ ላይ ማን ቀረ ብሎ የሚቆጥር የለም፣ ሁሉም ዓይኑ ክትፎው ላይ ነው 😄

እትዬ (አሌክሳንድሪያ)
ይቆጠራል እንጂ ለምን አይቆጠርም! ግን መልሱን የሚደግሱትን እናት ሰርጉ ማታ ጠጋ ብላ «እሜቴ፣ እንግዳ ገብቶብኛል» ትበላቸው። አማት ከሀገር ቤት መምጣታቸው በቂ ነው፣ ማንም ክፉ አይልም። እንዲያውም ድፎ ቆርሰው ይልኩላቸዋል።

የጌይተርስበርግ አባት
ስለ ልጆቹ፦ እኛ በካውንቲው (የአካባቢው አስተዳደር) የልጆች ሪክሪኤሽን ካምፕ አስገብተናቸው ቤታችን ተንፍሷል። ገቢው ለማይበቃ ቤተሰብ ክፍያ ማገዣ አለው፣ ማመልከት ነው። ኦገስት ላይ ቦታ ካለ ለሚቀሩት ሳምንታት ጠይቂ። ሌሊት ሠርቶ ቀን ልጅ መጠበቅ ሰው ይጥላል።

የሁለቱ እናት
የባለቤቴን ወንድም አገኘሁት፣ አሳንሰር ውስጥ ሆኖ ነው እሺ ያለኝ፣ መልሼ አረጋግጣለሁ። አጃቢውም ተመዝግቧል። ግፊቴ ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ጠዋት ሐኪም ጋ እደውላለሁ። ለጓደኛዬ ሁለቴ ደወልኩ፣ አላነሳችም። ወጥ ሠሪዋ፣ ለ40 ሰው ዶሮ ወጥ ስንት ይሆናል? ለቅዳሜ የምትይዝልኝ ሰው ታውቂያለሽ?

ዘመድ ብዙ
እኔም ዋጋውን ልወቀው፣ ከፍልሰታ በኋላ ድግስ አለብኝ።

ቤቲ ከአርሊንግተን
ግን ሱፐርቫይዘሯን በኢሜይል ብትጠይቅስ?