ጥቆማ፦ ሁለት ድመቶች ከፍራንክፈርት ወደ አዲስ አበባ፤ በወኪል ይሻላል ወይስ በራሴ?

ቡላና ዳማ
ሰላም ለዚህ ቤት። ከአራት ዓመት በፊት ሁለት ድመቶቼን ከአዲስ አበባ ጀርመን ይዤ መጥቼ ነበር። አሁን ደግሞ ሥራዬ ወደ አገር ቤት ሊመልሰኝ ነው፤ ለሁለት ዓመት ይመስለኛል፣ ከዚያ ተመልሼ እዚሁ። ስለዚህ ጠቁሙኝ። እንስሳ የሚያጓጉዝ ወኪል ልቅጠር ወይስ እኔው ካቢን (ተሳፋሪው የሚቀመጥበት) ውስጥ ይዣቸው ልግባ? አዲስ አበባ ውስጥ ድመት የሚያውቅ ሐኪም ማን አለ? ምግብና የድመት አሸዋስ (የሚጸዳዱበት) የቱ ይሻላል? ዳማ 5 ኪሎ ነው፣ ቡላ 4። «ተያቸው» የምትሉ ከወዲሁ አመሰግናለሁ፣ አልተዋቸውም።

ገርጂ ልጅ
ተያቸው።

(ቀልዴን ነው እህቴ፣ እንዳትቆጪ)

የሳር ቤቱ
ሐኪም ከሆነ ሳር ቤት ያለው ዶክተር ነው። ሌላ ጋ እንዳትሄጂ። ውሻዬን ከሞት አፋፍ ነው የመለሰልኝ።

ቡላና ዳማ
@የሳር ቤቱ አመሰግናለሁ። ድመትም ያያል?

የሳር ቤቱ
ድመት ሲያይ እንኳ አላየሁም። ግን እጁ የተባረከ ነው።

ከዱባይ ተመላሽ
ወኪል እንዳታስቢው! እኔ ድመቴን ከዱባይ በወኪል አስመጥቼ ይኸው ሁለት ዓመት ሆኖኝ ሳወራው አሁንም ያንገበግበኛል። ስሙን አልጠራም። «ቤትሽ በር ላይ ነው የምናስረክብሽ» ብሎ ተዋዋልን። እኔ ረቡዕ ገባሁ፣ እሷ ሐሙስ ማታ በካርጎ። ዓርብ ጠዋት ቦሌ ካርጎ ስሄድ «የጤና ምስክር ወረቀቱ ዋናው የታለ?» ተባልኩ። ሰውዬው ከሳጥኑ ጋር የላከው ኮፒውን ነው! ዋናው እዚያው ዱባይ መሳቢያው ውስጥ ተቀምጧል። ስደውል አያነሳም። በሌላ ቁጥር ስደውል ያነሳና ድምፄን ሲሰማ ይዘጋል። ቅዳሜ አንድ የማላውቀው ትራንዚተር አዝኖልኝ ሰዎቹን ለመነልኝና በሽቦው ቀዳዳ በሲሪንጅ ውሃ አጠጣኋት። ወረቀቱን እሑድ ማታ የአክስቴ ልጅ ከዱባይ በእጇ ይዛልኝ መጣች። ሰኞ ድመቴ ስትወጣ አፏን ትከፍታለች እንጂ ድምፅ የላትም። 11 ቀን ከአልጋ ሥር አልወጣችም። እስከ ዛሬ ሻንጣ ሳወርድ ካየች ቁምሳጥን ላይ ነው።

ሜሪ ሲኤምሲ
ወይኔ የኔ እናት 😭 አለቀስኩ

ገርጂ ልጅ
ስሙን ጥሪው እንጂ! ሌላው ሰው እንዲጠነቀቅ።

ከዱባይ ተመላሽ
ኢንቦክስ።

አቤል
ኢንቦክስ ላኪልኝ።

ትዕግሥት
እኔም። ድመት የለኝም ግን ላኪልኝ።

ፒያሳ ነኝ
ይገርማል፤ እኛ ለሸንገን ስንት ዓመት ደጅ ጠንተን፣ ድመት ግን ሄዳ፣ ኖራ፣ ልትመለስ፣ ደግሞ ልትሄድ ነው። የባንክ ስቴትመንት ማን ሰጣት? 😂 ቆይ፣ የእብድ ውሻ ክትባትም ትጠየቃለች አሉ። ድመቷ ውሻ ናት?

የቢሾፍቱው
ወንድሜ፣ ስሙ ነው የሚያሳስትህ። በሽታው ድመትም ይይዛል፣ ሰውም ይገድላል፤ እኛ አገር አብዛኛውን ጊዜ የሚያስተላልፈው ውሻ ስለሆነ ነው ስሙን የወሰደው።

እህቴ፣ ቢሾፍቱ ነው እንስሳት ሕክምና የተማርኩት፣ አሁንም በሙያው ነኝ። ሁሉም የሚያወራው ስለ መግቢያሽ ነው። አንቺን የሚያስቸግርሽ ግን ወደ ጀርመን የምትመለሺው ነው። ኢትዮጵያ አውሮፓ ኅብረት የእንስሳ መግቢያ ካቀለለላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም። ስለዚህ ከዚህ የሚሄድ ድመት ቺፕ (ከቆዳው ሥር የሚገባ መለያ) ያስፈልገዋል፣ ከቺፑ በኋላ የእብድ ውሻ ክትባት፣ ክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን ካለፈው በኋላ ደም ተወስዶ ኅብረቱ በሚቀበለው ላቦራቶሪ ይመረመራል፣ ክትባቱ መሥራቱን የሚያሳየው ውጤት 0.5 IU/ml ወይም በላይ መሆን አለበት፤ ከዚያ ደም ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር መጠበቅ። ስትሄጂ ይህን እንዳለፍሽበት አልጠራጠርም።

መልካሙ ዜና፦ ከኅብረቱ ሳትወጪ በፊት ምርመራው ተሠርቶ ውጤቱ ሰማያዊው የኅብረቱ የእንስሳት ፓስፖርታቸው ላይ ከተጻፈ፣ ስትመለሺ ሦስት ወሩ ይቀርልሻል። ክትባቱ ሳይቋረጥ ከታደሰ ደግሞ ምርመራው ዕድሜ ልክ ነው። አንድ ቀን እንኳ ካለፈ ግን እንደ አዲስ። ፓስፖርታቸውን አሁኑኑ አውጥተሽ እይ።

ቡላና ዳማ
አወጣሁ። ዳማ ደህና ነው። ቡላ ግን ባለፈው ሚያዝያ ክትባቷ በ9 ቀን አልፏል 🙈 ሆስፒታል ተኝቼ ነበር ያኔ።

የቢሾፍቱው
እግዜር ይማርሽ። እንግዲያው የሚያዝያው እንደ መጀመሪያ ክትባት ነው የሚቆጠረው። 30 ቀኑ ስላለፈ እዚያው ደሟን አስወስጂ፤ ውጤቱ ፓስፖርቷ ላይ ሳይጻፍ ትኬት እንዳትቆርጪ። ከአዲስ አበባ ሆነሽ ከሞከርሽው ናሙናው ወደ ውጭ ይላካል፣ ሦስት ወሩም ይቆጠርብሻል።

ጋሽ መኮንን
ልጄ፣ በራሳችን አየር መንገድ ግቢ። የምን ሉፍታንዛ ነው።

ቡላና ዳማ
እሺ ጋሼ። ካቢን ይፈቅዳሉ?

ጋሽ መኮንን
እሱን አላውቅም። ግን እንጀራ ይሰጣሉ።

ፒያሳ ነኝ
ለድመቷ? 😂

ጋሽ መኮንን
አንተ ልጅ፣ ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳም አሉ። አንተም እንደዚያው።

የማይንዙ
ሉፍታንዛ ካቢን ውስጥ ወሰኑ ቦርሳውን ጨምሮ 8 ኪሎ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 9 ስለሆኑ በአንድ ቦርሳ አይሞከርም። በየበረራው የሚፈቀደው የእንስሳ ቁጥርም ውስን ነው፤ ትኬቱን ከመቁረጥሽ በፊት ደውለሽ አስመዝግቢ፣ የአዲስ አበባውን መስመር በስሙ ጠይቂ። እኔ እህቴን ለምኜ አንዷን እሷ አንዷን እኔ ይዘን ነው የገባነው። ማስተኛ መድኃኒት እንዳትሰጫቸው፤ አየር ላይ አተነፋፈሳቸውን ያዛባል፣ አየር መንገዱም የተደነዘዘ እንስሳ ሊመልስብሽ ይችላል። ቦርሳውን ከአሁኑ ሳሎን መሐል ክፈቺና ተይው፤ ምግባቸውን እዚያ ውስጥ ስጫቸው። የኔዎቹ በሦስተኛው ሳምንት ራሳቸው ገብተው መተኛት ጀመሩ።

ከዱባይ ተመላሽ
እኛማ ምን ምርጫ አለን። ኤሚሬትስ ካቢን ውስጥ ጭልፊት እንጂ ድመት አያስገባም።

ፒያሳ ነኝ
ጭልፊት???

ከዱባይ ተመላሽ
አዎ ጭልፊት፣ ወደ ፓኪስታን በሚሄዱት። ድረ ገጻቸው ላይ አለልህ።

ሜሪ ሲኤምሲ
ምግብ ግን ለምን ትገዣለሽ? እናቴ ቤት ከሥጋ ቤት ሳምባና ጉበት እየመጣላቸው 15 ዓመት የኖረች ድመት ነበረችን። ወተትም ትጠጣ ነበር።

የቢሾፍቱው
ሳምባው ይሁን። ጉበት በየቀኑ ሲሆን ግን ቫይታሚን ኤ ይበዛባቸውና አጥንታቸውን ይጎዳል፣ ወተትም ብዙ ትልልቅ ድመቶችን ያስቀምጣቸዋል። ከውጭ የሚገባው ደረቅ ምግብ ቦሌ ሱፐርማርኬቶች አለ፤ አንድ ወር ያለው ዓይነት በሚቀጥለው ወር ይጠፋል እንጂ። የለመዱትን ጥቂት ኪሎ ይዘሽ ነይና ቀስ በቀስ ቀላቅይ።

አቤል
አሸዋውንስ ከውጭ አታምጪ፣ ኪሎሽን ይጨርስብሻል። ሰጋቱራ! እንጨት ቤት በነጻ ነው የሚሰጡሽ። እኔ ገርጂ ካለው እንጨት ቤት ማዳበሪያ ሙሉ አመጣለሁ፣ ሽታም ይውጣል።

ትዕግሥት
ሰጋቱራ ቤቱን ሙሉ ነው የሚዞረው። አልጋዬ ላይ፣ ሽሮዬ ውስጥ። የወንዝ አሸዋ ይሻላል።

አቤል
የወንዝ አሸዋ ሽታ አይውጥም እኮ። የኔ እንጨት ቤት ሰጋቱራ ደግሞ ይለያል፣ ደቃቅ ነው።

የቢሾፍቱው
አቤል፣ ደቃቁ ከኤምዲኤፍ የወጣ እንዳይሆን። እሱ ሙጫ አለበት፣ ለሳንባቸው ጥሩ አይደለም። ቫርኒሽ ያልነካው የጣውላ ይሁን።

አቤል
የኔ ሰውዬ እንደዚያ አያደርግም።

ቡላና ዳማ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ 🙏 የቡላን ደም ማክሰኞ አስወሰድኩ፣ ሐኪሙን ነክሳዋለች። @የቢሾፍቱው ዕድሜ ይስጥህ፣ ባትነግረኝ ኖሮ ትኬት ልቆርጥ ነበር።

የማይንዙ
ደስ ይላል! ታዲያ በምን ወሰንሽ? በወኪል ነው በካቢን?

የሳር ቤቱ
ሐኪሙን እንዳትረሺ፣ ሳር ቤት።

ገርጂ ልጅ
አቤል፣ እንጨት ቤቱ የቱ ጋ ነው? ለዶሮ ፈልጌ ነው።