ሁሉም ሀጢያት እኩል ነው እንዴ?

ሰላም ለናንተ ይሁን። አንድ ወንድም "እግዚአብሔር ፊት ትንሽ ትልቅ ሚባል ሀጢያት የለም፣ ዋሸህም ገደልክም ያው ነው" ይለኛል፣ ማስረጃው ያዕቆብ 2፥10 ነው፣ ህግን ሁሉ ጠብቆ በአንዱ የተሰናከለ በሁሉ በደለኛ ይሆናል የሚለው። እኔ ግን አልዋጥልህ አለኝ። ደሞ የሚበላለጥ ከሆነ ይቅርታውስ ይበላለጣል? የምወደው ሰው ከባድ ነገር ሰርቶ እኔንማ አይምረኝም ብሎ ፀሎት ካቆመ ቆየ፣ ምን እንደምለው ጨንቆኝ ነው

ሀና፦ ጥቅሱ ልክ ነው ድምዳሜው ግን አይደለም። ያዕቆብ እዛ ጋ ሚናገረው ለሀብታም እያደሉ ድሀውን እያዋረዱ ህግ ጠባቂ ነን ለሚሉ ነው፣ አንዷን ብቻ ነው ያፈረስኩት ብሎ ነፃ ሚወጣ የለም አለ እንጂ ሁሉም ክብደቱ አንድ ነው አላለም። ጌታ ራሱ ጲላጦስን አሳልፎ የሰጠኝ ሀጢያቱ የባሰ ነው ብሎታል፣ ዮሐ 19፥11። የባሰ ካለ ያነሰም አለ።

ዳኒ፦ እኛ ካቶሊኮች የሞት ሀጢያትና ቀላል ሀጢያት ብለን እንለያለን፣ 1ኛ ዮሐ 5፥16-17ን እያነሳን። የሞት ሀጢያት ለመባል ጉዳዩ ከባድ መሆን አለበት፣ ሰውየው እያወቀ፣ ደሞም በሙሉ ፈቃዱ ያደረገው መሆን አለበት። ስለዚህ ድርጊቱን ብቻ አይተህ ውስጡን መፍረድ አትችልም። ፕሮቴስታንቶችም ቢሆኑ ሁሉም እኩል ነው አይሉም፣ እ.ኤ.አ. የ1647ቱ የዌስትሚንስተር አጭር ካቴኪዝም (በጥያቄና መልስ የተዘጋጀ የእምነት ማስተማሪያ) አንዳንዱ ከሌላው የከፋ ነው ይላል።

ገብረ ማርያም፦ ወንድሜ ይሄ የይቅርታው ጥያቄ ድሮም ቤተክርስቲያንን አናውጧታል። እ.ኤ.አ. በ250 ገደማ በሮማዊው ንጉስ በዳኬዎስ ስደት ብዙ ሰው ፈርቶ ለጣኦት ሰዋ፣ ስደቱ ሲበርድ እያለቀሱ ተመለሱ፣ ኖቫቲያን የሚባለው የሮም ቄስ ግን እነዚህን ቤተክርስቲያን መቼም መልሳ መቀበል የለባትም አለ፣ እሷ ግን ሀሳቡን አልተቀበለችውም! እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ ጉባኤ ላይ ደሞ ሳይገደዱ ለካዱት 12 አመት የንስሀ ጊዜ ተወሰነ። ረጅም ነው አዎ፣ ግን እዛው ቀኖና 13 ላይ ሊሞት የደረሰ ሰው ቁርባን አይከልከል ተብሏል፣ አመቱን ባይጨርስም። አየህ፣ ያ ሁሉ ጊዜ ለነፍሱ መድሀኒት እንዲሆነው ነው እንጂ እግዚአብሔር ምህረቱን ይዞበት አይደለም።

ሀና፦ ሉቃስ 7 ላይ አንዱ 500 አንዱ 50 ዲናር እዳ አለበት፣ ሁለቱም ሚከፍሉት የላቸውም፣ ለሁለቱም ተተወላቸው። እዳው ይለያያል፣ ባዶ እጃቸውን መሆናቸው ግን አንድ ነው። ዳዊትም የሰው ሚስት ወስዶ ባሏን አስገድሎ በድያለሁ ባለበት ቅፅበት ነው ነቢዩ ናታን እግዚአብሔር ሀጢያትህን አርቆልሀል ያለው። ከዛ በኋላ በቤቱ የመጣው መከራ ግን አልቀረለትም፣ ይሄንንም አትደብቀው። የበደለው ሰው ካለ ሊክሰው ይገባል።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ። ችግሩ የበደለው ሰው ሞቷል

ገብረ ማርያም፦ ዘኁልቁ 5፥7-8ን እይ፣ ለተበደለው ይመልስ ይላል፣ እሱ ከሌለ ወደ ቅርብ ዘመዱ ነው ሚሄደው። መጀመሪያ ንስሀ አባቱ ጋ ይዘኸው ሂድ፣ ብቻውን አትላከው፣ የሟቹን ዘመዶች እንዴት እንደሚያገኛቸው እሳቸው ይነግሩታል።