ጎንደር ውስጥ ጫጫታ ለሚያስቸግረን ሰዎች ጥቆማ፦ የት እንቀመጥ፣ ምን እንግዛ

ሰላም ጎንደሬዎች። እድሜ ወደ ስድሳ ሲጠጋ ካፌ ቁጭ ብሎ ማውራት፣ ባንክ መስኮት ላይ የሚባለውን መስማት፣ ታክሲ ውስጥ ስልክ ማንሳት እየከበደን የመጣን ሰዎች ብዙ ነን፣ ብዙዎቻችን ደግሞ ለማንም ሳንናገር ከቤት መዋል ጀምረናል፣ እኔን ሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ማኅበር ላይ ሰርግ ላይ ምንም ሳይሰሙ አንገታቸውን እየነቀነቁ ውለው ሚገቡ አባቶች እናቶች አሉ። ስለዚህ እዚሁ ከተማችን ውስጥ የቱ ቦታ ይሻላል፣ ከሚሸጡት ነገሮች የቱ ይረባል የቱ አይረባም ሚለውን አነጻጽሬ ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ ግን ይሄ ይያዝ። ችግሩ ሁሌ የድምፅ ማነስ አይደለም። እድሜ ሲገፋ ቀድሞ ሚሄደው ቀጭኑ ድምፅ ነው፣ እነ ስ፣ ሽ፣ ፍ፣ ት ያሉበት፣ ወፍራሙ ማለትም የጀነሬተሩ፣ የሞንታርቦው ቤዝ፣ የባጃጁ ሞተር ግን እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ ሰውየው ሲያወራ ይሰማሃል ግን "ሰጠው" ይበል "ሸጠው" አይለይህም፣ ዙሪያው ሲንጫጫ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። በዛ ላይ ቀስ ሲሏቸው አይሰሙም ጮክ ሲሏቸው "ምን ያስጮህሃል" ብለው ሚቆጡ ወላጆች ያሏችሁ ልጆች ልብ በሉ፣ አመል አይደለም። ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የፀጉር ህዋሳት ሲጎዱ ትንሹ ድምፅ አይገባም፣ ትልቁ ደግሞ ድንገት ነው ሚያሳምመው፣ መሃል ያለው ምቹ ቦታ ጠቧል። ለዚህ ነው አንዱ ሰው ድምፅ ቀናሽ ሚያስፈልገው፣ ሌላው መስሚያ፣ አንዳንዱ ደግሞ ሁለቱንም እንደየቦታው።

አሁን ወደ ቦታ። የኔ እምነት ምንም ነገር ከመግዛት በፊት መቀመጫና ሰዓት መምረጥ ይበልጣል ነው፣ ዋጋም የለውም።

ፒያሳ ያሉት የድሮ የጣሊያን ህንፃ ውስጥ ያሉ ካፌዎች ያምራሉ፣ እኔም እወዳቸዋለሁ፣ ግን ጣሪያቸው ከፍ ያለ ነው፣ ወለሉ ጠንካራ ነው፣ መስታወቱ ብዙ ነው፣ ድምፅ ሚውጥ ነገር የለም ስለዚህ እያንዳንዱ ሲኒ ሲቀመጥ ሁለት ጊዜ ይሰማል። ማኪያቶ ማሽኑ አጠገብ አትቀመጡ። ልጁ ወተቱን ሲያሞቅ ያ እንፋሎት ይጮሃል፣ ከዛ የቡናውን ዝቃጭ ለማራገፍ እጀታውን ቋ ቋ ያደርገዋል፣ ከዛ ጁስ መፍጫው ይነሳል፣ እነዚህ ሶስቱ ተራ በተራ ሲመጡ የጀመራችሁትን ወሬ ሶስቴ ትደግማላችሁ። ውጪ በረንዳው ላይ መንገዱን ይዞ ቁጭ ማለት ደግሞ ባጃጁና ጥሩምባው አለ፣ ግን ክፍት አየር ላይ ድምፅ ተመልሶ አይመጣም፣ ከምንጩ ያለው ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር ወደ 6 ዲሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ይቀንሳል፣ ስለዚህ ከመንገዱ ራቅ ያለችውን ጥግ ጠረጴዛ ካገኛችሁ በረንዳው ከውስጡ ይሻላል። ፎቅ ያለው ካፌ ከሆነ ፎቅ ውጡ። መጋረጃና ጨርቅ ወንበር ያለበት ቤት፣ ሳር ክዳን ጎጆ ያለበት ግቢ፣ ዛፍ ስር፣ እነዚህ ሁሉ ይሻላሉ። ክረምት ላይ ደግሞ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ስር ገብታችሁ ሐምሌ ዝናብ ከመጣ ለወጣትም ወሬ የለም፣ ቀና ብላችሁ ጣሪያውን አይታችሁ ግቡ።

ኳስ ያለበት ቀን ቲቪ ያለው ቤት አይታሰብ። ሰዓቱ ደግሞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት አካባቢ ቁርሰኛው ወጥቶ ምሳው ሳይገባ ያለው ይሻላል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ8 እስከ 9 ተኩል።

የጀበና ቡና ቤቶችን ሰው ይንቃቸዋል፣ ለኛ ግን ከሁሉም ይሻላሉ እላለሁ። ማሽን የለም፣ ክፍሏ ትንሽ ናት፣ ቡና አፍይዋን "እህቴ ሙዚቃውን ትንሽ ቀንሽልን" ስትሏት ወዲያው ትቀንሳለች፣ ትልቅ ካፌ ውስጥ ግን አስተናጋጁ ለካሸሯ፣ ካሸሯ ለልጁ እያለ እዛው ይቀራል። ብቻ በሩ ላይ ሞንታርቦ ያወጣ ልብስ ሱቅ ጎረቤት እንዳይሆን እዩ።

በደንብ መጨዋወት ከፈለጋችሁ፣ የቆየ ጓደኛ ከውጪ ሲመጣ ምናምን፣ ጎሃ ሆቴል ኮረብታው ላይ ስለሆነ የከተማው ጫጫታ ከታች ነው ሚቀረው፣ ውጪ ተቀምጦ ከተማውን እያዩ ማውራት ይቻላል፣ ከፒያሳ ካፌ ይወደዳል ትራንስፖርቱም አለ ግን ለዛ አይነት ቀን ይገባዋል። ፋሲል ግቢም አለላችሁ፣ ወደ 900 ሜትር የሚሆን የድንጋይ አጥር ነው የከበበው፣ ፒያሳ አፍንጫው ስር ሆኖ ውስጥ ስትገቡ ድምፁ ሌላ ነው። ቁስቋምም ደብረ ብርሃን ሥላሴም ከቅዳሴ በኋላ በሥራ ቀን ዛፉ ስር መቀመጥ ለጆሮም ለነፍስም ነው።

አቀማመጥ ላይ አንድ ነገር፣ ይሄን ብዙ ሰው ያሳስተዋል። መስሚያ መሳሪያ የማታደርጉ ከሆነ ጀርባችሁን ለግድግዳ ስጡና ሰውየውን ፊት ለፊት አድርጉ፣ ብርሃን ፊቱ ላይ ይውደቅ፣ ከንፈሩን ሳታውቁት ታነባላችሁ። መስሚያ ያላችሁ ግን ብዙዎቹ መሳሪያዎች ከፊት ያለውን አጉልተው ከኋላ ያለውን እንዲቀንሱ ነው የተሰሩት፣ ስለዚህ ጫጫታው ከጀርባችሁ ይሁን፣ ግድግዳው ደግሞ ከምታዋሩት ሰው ኋላ። አንዱ ጆሮ ከሌላው ሚሻል ከሆነ እሱን ወደ ሰውየው።

ትራንስፖርት፦ ከፒያሳ አዘዞ ወይም ማራኪ ስትሄዱ ባጃጅና ሚኒባስን ካነጻጸርን ባጃጅ ኮንትራት ሰው አይጮህባችሁም ግን ጎኑ ክፍት ነው ሞተሩም ከተቀመጣችሁበት ስር ነው፣ ወሬ አይሆንም፣ ስልክም አይሆንም። ሚኒባስ ጋቢና መስኮት ዘግታችሁ ከሆነ ይሻላል፣ ከረዳቱ "አዘዞ አዘዞ አዘዞ"ም ትርቃላችሁ። ሹፌሩን "ልጄ ዘፈኑን ቀነስ አድርግልኝ ጆሮዬን ያመኛል" በሉት፣ "ያመኛል" ሚለው ቃል ይሰራል፣ "ጮኸ" ስትሉት ግን ክርክር ይሆናል።

ባንክ ላይ መስታወቱ ነው ጠላታችን። ሲከፈት ጠዋት ሂዱ፣ ቁጥር ሲሆን "ጻፊልኝ ልጄ" በሉ አትፈሩ፣ 30 እና 60 መስታወት ኋላ ሆኖ ሲነገር ሚያሳስት ነው ብሩ ደግሞ የናንተ ነው። ቀሪውን በቴሌብርና በሞባይል ባንኪንግ ልጆች ያስለምዷችሁ። ሆስፒታል ካርድ ክፍል ስም ሲጠራ ማይሰማችሁ ከሆነ ቀድማችሁ ለምትጠራው ልጅ ፊታችሁን አሳዩና "ስሜ ሲደርስ በእጅሽ ጥሪኝ" በሉ። ስማርት ስልክ ካላችሁ ደግሞ የጉግል ኪቦርድ ላይ ያለችው የማይክ ምልክት ከ2017 (በፈረንጅ) ጀምሮ አማርኛ ትሰማለች፣ ስልኩን ለሰውየው ሰጥታችሁ ያውራበት፣ እናንተ ታነባላችሁ፣ ኢንተርኔት እንዳይጠፋ ነው እንጂ ብዙ ትጠቅማለች።

አሁን ወደሚገዛው። ከሁሉ በፊት ግን ጆሯችሁን አስዩ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ክፍል አለ፣ የጆሮ ኩክ ብቻ ሆኖ በውሃ ታጥቦ ሚሻለው ሰው ብዙ ነው፣ ያ ሰው ሄዶ መስሚያ ቢገዛ ገንዘቡን ጣለ ማለት ነው። ክብሪት፣ የፀጉር መርፌ፣ ኮተን ባድ አታስገቡ፣ ኩኩን ወደ ውስጥ ነው ሚገፋው። ትኩስ ዘይትና የቅጠል ጭማቂም ይቅር፣ በተለይ ጆሮው መግል ይዞ ሚያውቅ ሰው ታንቡሩ ቀዳዳ ሊኖረው ስለሚችል ሳይታይ ምንም ጠብ እንዳይደረግበት። ምትወስዱትን መድኃኒትም ለሐኪሙ ንገሩ፣ ጄንታማይሲንና ስትሬፕቶማይሲን ሚባሉት ጆሮ ሊጎዱ ይችላሉ።

ጥጥ። ሁሉም ቤት ያለው ጥጥ ነው፣ በጣም ትንሽ ነው ሚቀንሰው፣ ለሞንታርቦ ምንም አይደል፣ ቁራጩም ውስጥ ይቀራል።

ስፖንጅ ጆሮ መድፈኛ (ያ ብርቱካናማ ወይ ቢጫ) ርካሹና ጠንካራው ነው፣ ግንባታ እቃ ሚሸጡና አንዳንድ ፋርማሲዎች ጋ ጠይቁ። በትክክል ከገባ እስከ 30 ዲሲቤል ገደማ ይቀንሳል ግን ብዙ ሰው ሲያስገባው አይቼ አዝናለሁ፣ የጆሮው አፍ ላይ ብቻ አስቀምጦት "አይሰራም" ይላል። በንፁህ ጣት አጥብቃችሁ አሽከርክሩና እንደ ቀጭን ሻማ ክር አድርጉት፣ በሌላኛው እጅ ከጭንቅላታችሁ ኋላ ዞራችሁ ጆሯችሁን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳቡ፣ አስገቡት፣ እስኪነፋ ድረስ ግማሽ ደቂቃ ያህል በጣት ያዙት። ጉዳቱ ቀጭኑን ድምፅ ይበልጥ ስለሚቀንስ ለወሬ አይሆንም። ለጀነሬተር፣ ለሰርግ ሞንታርቦ፣ አውቶቡስ ላይ ለመተኛት ነው።

ፊልተር ያለው የሲሊኮን መድፈኛ፣ እንደ ሉፕ (የአምራቹ ስም ነው) ያሉት፣ ይወደዳል፣ አብዛኛው ሰው ከውጪ ዘመድ ነው ሚያስመጣው። ጥቅሙ ሁሉንም ድምፅ ተቀራራቢ አድርጎ ስለሚቀንስ ሰው ሲያወራ ይሰማል፣ ታጥቦ ረጅም ጊዜ ያገለግላል። ጫጫታ ሚያሳምመው ግን መስማቱ ደህና የሆነ ሰው ካለ ገንዘቡን እዚህ ላይ ያውጣ ባይ ነኝ።

ኖይዝ ካንሰሊንግ ሄድፎን (የውጪውን ጫጫታ ራሱ ሚያጠፋ ማዳመጫ) አውሮፕላንና አውቶቡስ ላይ ግሩም ነው፣ ምክንያቱም ሚያጠፋው የማይቋረጠውን ወፍራም ጉርምርምታ ነው፣ የሰው ጩኸትና ጥሩምባ ግን ያልፈዋል። ሱቅ ላይ "ካንሰሊንግ" ተብሎ የተጻፈበት ሁሉ ደግሞ ጫጫታ ማጥፊያው የለውም፣ ሱቁ በር ላይ ባጃጅ ሲያልፍ አብሩት አጥፉት፣ ልዩነት ካልሰማችሁ ተዉት። መንገድ ላይ ግን ማንኛውንም መድፈኛ አድርጋችሁ አትሂዱ፣ ባጃጅ ከኋላ ነው ሚመጣው። ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ደፍኖ መዋልም ጆሮን ይበልጥ ድምፅ እንዳይችል ያደርገዋል።

ማጉያና መስሚያ መሳሪያን አትቀላቅሉ። ስልክ እቃ ሱቅ ምትሸጠው ርካሽ ማጉያ ሁሉንም እኩል ታጎላለች፣ ካፌ ውስጥ ብሌንደሩንም ታጎላለች፣ ቤት ውስጥ ለአንድ ለአንድ ወሬ ካልሆነ አልመክርም። አንድ ሻጭ ለአንዲት እናት "ለማንኛውም ጆሮ ይሆናል" ብሎ ሲሸጥላቸው አይቻለሁ፣ ለማንኛውም ጆሮ ሚሆን የለም። ትክክለኛው መስሚያ የመስማት ምርመራ ተደርጎ በዛ ውጤት ሚስተካከል ነው፣ የጎደለውን ቀጭን ድምፅ ብቻ ይሞላል። መጀመሪያ ላይ የራሳችሁ ድምፅ፣ የወረቀት ኮሽታ ሁሉ ይረብሻል፣ አንጎል እስኪለምደው ሳምንታት ይፈጃል፣ እባካችሁ መሳቢያ ውስጥ አትጣሉት፣ ቤት ውስጥ ጀምሩና ቀስ በቀስ ወደ ካፌ ውሰዱት። ከመግዛታችሁ በፊት ባትሪውን ጠይቁ፦ ቡናማ ልጣፍ 312 ቁጥር ነው፣ ብርቱካናማ 13፣ በአማካይ በሳምንት በሳምንት ይለወጣል፣ ልጣፉ ሲነሳ አየር እንዲገባው አንድ ደቂቃ ጠብቃችሁ ክተቱት። እዚህ ባትሪ ማመላለስ ሚያስቸግር ከሆነ በቻርጅ ሚሰራውን ምረጡ፣ መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር ደግሞ ፓወር ባንክ ይኑራችሁ።

ለጥምቀት። ከተራ ላይ ታቦት ማጀብ፣ ፋሲለደስ መዋኛ ጋ መዋል ማንም ጎንደሬ በእድሜ ምክንያት ሊቀርበት አይገባም። ስፖንጁን ኪስ ያዙ፣ ከስፒከሩ ጎን ሳይሆን ራቅ ብሎ ከበስተኋላው ቁሙ፣ በየሰዓቱ ወጣ ብላችሁ ዛፍ ስር ጆሯችሁን አሳርፉ። የዓለም ጤና ድርጅት 80 ዲሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት፣ 90 ከሆነ ግን 4 ሰዓት ብቻ ነው ሚለው፣ እና ስፒከር አጠገብ 90 ማለፍ ቀላል ነው። ስልክ ላይ የድምፅ መለኪያ አፕ በነፃ አለ፣ ልክ ባይሆንም ሁለት ካፌ ለማወዳደር ይበቃል።

ሰፈራችሁ ሌሊት ሞንታርቦ ሚከፍት ካለ መጀመሪያ ሽማግሌ ሆናችሁ ባለቤቱን አናግሩ፣ ካልሆነ ቀበሌ ሂዱ፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995 ድምፅንም ይመለከታል።

አንድ አስቸኳይ ነገር፦ ከጠዋት ተነስታችሁ አንዱ ጆሮ ድንገት ድፍን ካለ "ኩክ ነው ይለቃል" ብላችሁ አትጠብቁ፣ በዛው ቀን ወይ በማግስቱ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ሕክምናው ይበልጥ ሚሰራው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው።