ከመሃል ከተማ የሚነሣ ነዋሪ የት ይስፈር? (ክርክር)

የመነሻ ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት ሰፋፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገዶችን እየዘረጋች ነው። ከፒያሳ፣ ከካዛንቺስና ከሌሎች ነባር ሰፈሮች የተነሡ በርካታ ነዋሪዎችም ገላን ጉራን ወደመሳሰሉ የዳር መንደሮች ተዛውረዋል። ልማቱ ዘላቂ እንዲሆን የሰፈሩ ሰው እዚያው ተመልሶ መስፈር ይኖርበታል ወይስ ወደ ዳር መውጣቱ አይቀሬ ነው?

መሐንዲሱ፦ እኔ አይቀሬ ነው ከሚሉት ወገን ነኝ። ትርፍ ቤቶች በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ከተወረሱ ጀምሮ የቀበሌ ቤት ኪራዩ ኢምንት፣ አዳሹም የሌለ ንብረት ሆኖ ቆይቷል። ጭቃው የረገፈ ግድግዳ፣ ለበርካታ አባወራ አንድ የጋራ መጸዳጃ፣ የእሳት አደጋ መኪና የማያስገባ ቅያስ፦ ይህን ሰፈር እንዳለ አቆይቶ ስለ ዘላቂነት ማውራት አይቻልም። የፍሳሽ መስመር ደግሞ ሰው በተኛበት ቤት ሥር አይቀበርም።

የሰፈር ልጅ፦ ስለ መጸዳጃው የጻፉት እውነት ነው፤ ወረፋ ይዤ ስላደግሁበት አልከራከርዎትም። ሆኖም ቤቱ ይፍረስ ማለትና ሰውየው ይሂድ ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አክስቴ ካዛንቺስ ሳለች እንጀራ ጋግራ በእግሯ ለሚደረስባቸው ምግብ ቤቶች ታስረክብ ነበር፤ ሌሊት አሥር ሰዓት ምጣዷን ትጥድና ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሳይሞላ አድርሳ ትመለሳለች። ዛሬ የምትኖርበት የዳር መንደር ቤቷ ከቀድሞው የተሻለ ነው፣ መጸዳጃውም የራሷ ነው፤ ነገር ግን እንጀራውን በትልቅ ፌስታል ጠቅልላ ሁለት ታክሲ ስትይዝ፣ ረዳቱም ለዕቃው ጨምሪ ሲላት፣ ከምትደርስበት ሰዓት ቀድሞ የቁርስ ገበያው አልፏል። ከደንበኞቿ የቀሩላት ሁለት ብቻ ናቸው። የብስክሌት መንገዱ ካዛንቺስ ተሠርቶ ብስክሌት ሊነዳበት የሚችለው የሰፈሩ ወጣት ከከተማው ዳር በሚኒባስ ተሰልፎ የሚመጣ ከሆነ፣ በመሃል የቆጠብነውን ጭስ በቀለበት መንገዱ ላይ መልሰን እናጨሰዋለን።

የትራንስፖርት ባለሙያ፦ በዚህ ላይ የምጨምረው አለኝ። ቀላል ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 34 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ሐዲድ አያትን ከጦር ኃይሎች፣ ምኒልክ አደባባይን ከቃሊቲ ያገናኝ ነበር። ትልልቆቹ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግን የተሠሩት ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱና የካ አባዶ ነው፤ ሐዲዱ አንዳቸውም ጋ አይደርስም። ባቡሩ ራሱ በመለዋወጫ እጥረት ከመዳከሙ በፊትም ቢሆን ሕዝቡ በአንድ በኩል፣ መስመሩ በሌላ በኩል ነበሩ። ሰውን ወደ ዳር ማውጣት የግድ ከሆነ መጓጓዣው መቅደም ነበረበት። እኛ አገር ቤቱ ይቀድማል፣ አስፋልቱ ይከተላል፣ አውቶቡሱ ደግሞ ነዋሪው አቤቱታ ካቀረበ በኋላ ይመጣል።

የሕግ ባለሙያ፦ ስለ ሕጉም ይነሣ። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ስለሚለቀቅበት ሁኔታ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 በፕላኑ መሠረት ቦታውን ለማልማት ለሚችል ባለይዞታ የቅድሚያ መብት ይሰጣል። የቀበሌ ቤት ነዋሪ ግን ተከራይ እንጂ ባለይዞታ አይደለም፤ ስለዚህ ለ40 ዓመት የኖረበት ሰፈር ሲፈርስ የሚኖረው መብት ምትክ ቤት ማግኘት ነው፤ በዚያው ቦታ ላይ የመቅረት መብት ግን የለውም። ክርክራችሁ ከዚህ ነጥብ ካልተነሣ በበጎ ፈቃድ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ይሆናል።

መሐንዲሱ፦ የትራንስፖርት ባለሙያውን የቅደም ተከተል ትችት እቀበላለሁ። እዚያው ይስፈሩ የሚለውን ግን በሂሳብ እንየው። የመሃል ከተማ መሬት በሊዝ ሲተላለፍ የሚገኘው ገንዘብ ነው ቧንቧውንና መንገዱን የሚሠራው። በዚያ ውድ መሬት ላይ ሰዉን መልሰን እናስፍር ካልን ወደ ላይ መሥራት ግድ ነው፤ ወደ ላይ ሲሠራ አሳንሰርና የውኃ መግፊያ ፓምፕ ያስፈልጋል፤ ፓምፑ ሲበላሽ የሚሆነውን በየኮንዶሚኒየሙ እያየን ነው። ቢጫ ጄሪካን ተሸክማ አራተኛ ፎቅ የምትወጣን እናት «እዚያው ሰፈርሽ ነሽ» ብሎ ማጽናናት ይከብደኛል።

የሰፈር ልጅ፦ ጄሪካኑ በዳሩ ኮንዶሚኒየምም አለ፤ ስለዚህ ለዳር ማስረጃ ሊሆንዎ አይችልም። ሊዙን በተመለከተ፣ ከሚጸዳው ቦታ ሁሉ ሳይሆን ከፊሉ ለነባሩ ነዋሪ ይከለል ነው የምለው። በ1996 ዓ.ም. ገርጂ ላይ በሙከራ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ አሳንሰር የማያሻው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ከተማው ውስጥ ሊቆም እንደሚችል አሳይቷል፤ በኋላም የምድር ቤቱ ሱቆች በጨረታ እየተሸጡ ወጪውን ደግፈዋል። ካዛንቺስ ላይ አንድ የምድር ቤት ሱቅ የሚያወጣውን ዋጋ እርስዎ ከእኔ የተሻለ ያሰሉታል። በሂሳቡ ውስጥ የማይገባውም አለ፦ የአክስቴ ዕድር አባላት በየአቅጣጫው ተበትነው ድንኳኑና ድስቱ በአንድ ሰው ጓዳ ቀርቷል፤ ለቅሶ ሲደረስ ማን ያውጣው፣ በምን መኪና ይጫን የሚለው ገና አልተወሰነም።

መሐንዲሱ፦ ከፊሉ ይከለል የሚለው ሊታሰብበት የሚችል ሐሳብ ነው። ነገር ግን ፓምፑን በየጊዜው የሚያሳድሰው ማነው? ነዋሪው የጋራ ወጪ ሲባል አይከፍልም።

የሰፈር ልጅ፦ አክስቴ ዛሬ በየቀኑ ለአራት ታክሲ ትከፍላለች። ከዚያ ላይ የአንዱን ሒሳብ ለፓምፑ ያድርጉት፤ ሳይጠየቅ የሚከፈል ይመስለኛል።