የሙቀት ሴንሰሬ −127 ያነባል፤ የፈላ ውኃ ውስጥ ደግሞ 94 ላይ ይቆማል

ጀማሪ ከሽምብጥ፦
ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሆኜ 30 እንቁላል የሚይዝ ማስፈልፈያ በፎም ሳጥን እየሠራሁ ነው። አርዱዊኖ ናኖ (ኮድ የሚጫንበት ትንሽ የመቆጣጠሪያ ቦርድ)፣ ውኃ የማያስገባው ዲኤስ18ቢ20 የሙቀት ሴንሰር፣ ባለ 5 ቮልት ሪሌይ (ናኖው አምፖሉን የሚያበራበትና የሚያጠፋበት)፣ ሁለት ባለ 40 ዋት የድሮ አምፖልና የኮምፒውተር ፋን አለኝ። የሴንሰሩን ቀይ ሽቦ 5 ቮልት ላይ፣ ጥቁሩን ግራውንድ ላይ፣ ዳታ የሚያልፍበትን ቢጫውን የናኖው ዲ2 ፒን ላይ ሰክቻለሁ። በቀዩና በቢጫው መካከል ሬዚስተር አለ።

ሴንሰሩ በራሱ 1 ሜትር ገመድ ሲሆን በደንብ ያነባል፤ 3 ሜትር ስቀጥልበት ግን በየመሃሉ −127 ይላል። የፈላ ውኃ ውስጥ ስነክረው ደግሞ 94 ላይ ይቆማል። 6 ዲግሪ ስለሚጎድለው ኮዱ ላይ 6 ልደምርበት አስቤያለሁ። ሌላው፣ ሙቀቱ 37.5 አካባቢ ሲደርስ ሪሌዩ ያለማቋረጥ ቀጭ ቀጭ ይላል። እንቁላሉን ገና አላስገባሁም።

ቴስተር፦
ሴንሰሩ ኮፒ ነው። 6 ዲግሪ የሚያጎድል ሴንሰር ምን ያደርግልሃል? ጣለውና ሌላ ግዛ።

ዘጌ ማዶ፦
ኧረ እንዳትጥለው! ስድስቱንም እንዳትደምር። ሴንሰሩ ልክ ነው፤ ባሕር ዳር ላይ ውኃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። 100 የሚሆነው በባሕር ጠለል ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ዝቅ ይላል፤ በየ300 ሜትሩ የመፍያው ነጥብ 1 ዲግሪ ያህል ይወርዳል። አዲስ አበባ ብትሞክረው 92 አካባቢ ያሳይሃል።

ስድስቱን ብትደምር ምን እንደሚሆን አስበው። ሳጥኑ ውስጥ 31.5 ሲሆን ኮድህ 37.5 ደርሷል ብሎ አምፖሉን ያጠፋል። 21 ቀን ሙሉ ጠብቀህ አንድም ጫጩት አታይም።

በዚያ ላይ ይህ ሴንሰር ±0.5 ዲግሪ የሚታመነው ከ−10 እስከ 85 ባለው ውስጥ ስለሆነ የፈላ ውኃ መፈተኛው አይደለም። ከፋርማሲ የትኩሳት መለኪያ ግዛ። ፔርሙስ ውስጥ 38 ዲግሪ የሚሆን ለብ ያለ ውኃ ጨምርና ሁለቱን ጫፍ ለጫፍ አጋጥመህ ንከራቸው፤ ከ3 ደቂቃ በኋላ አንብብ። ኮዱ ላይ የምትደምረው ወይም የምትቀንሰው እዚያ ላይ ያየኸውን ልዩነት ብቻ ነው።

ቴስተር፦
መፍላቱን ተቀብያለሁ፣ ከፍታውን ረስቼው ነው። −127ቱስ?

ኦም፦
−127 ሙቀት አይደለም። ላይብረሪው (ሴንሰሩን የሚያነብልህ ዝግጁ ኮድ) «ሴንሰሩን አላገኘሁትም» ወይም «የላከው ዳታ ተበላሽቶ ደረሰኝ» ሲል የሚመልሰው ቁጥር ነው። በአጭር ገመድ ሠርቶ በረጅሙ እምቢ ካለ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሬዚስተሩን ነው። ቀለማቱ ምን ምን ናቸው?

ጀማሪ ከሽምብጥ፦
ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ብርቱካናማ፣ ወርቃማ።

ኦም፦
ተገኘ። ያ 47 ኪሎ ኦም ነው፤ የሚያስፈልግህ 4.7 ኪሎ፣ ማለትም ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ቀይ፣ ወርቃማ። በአምፖል ብርሃን ቀዩና ብርቱካናማው ስለሚመሳሰሉ ከመስካትህ በፊት በመልቲሜትር ለካው።

ምክንያቱ ይኸውልህ። ሴንሰሩ መስመሩን ወደ ዜሮ ይጎትታል እንጂ ወደ 5 ቮልት አይመልስም፤ የሚመልሰው ሬዚስተሩ ነው። ገመድ በረዘመ ቁጥር መስመሩ የሚያጠራቅመው ቻርጅ ይበዛል። ሬዚስተሩ 10 እጥፍ ሲተልቅ ቮልቴጁ 10 እጥፍ ዘግይቶ ይነሳል። ናኖው ግን እያንዳንዷን ቢት በ15 ማይክሮ ሰከንድ ውስጥ አንብቦ መጨረስ አለበት፤ ስለዚህ 1 መሆን ያለበትን 0 ብሎ ያነበዋል። 4.7 ኪሎ ካጣህ ሁለት 10 ኪሎ ጎን ለጎን አስረህ 5 ኪሎ አድርገው፤ ይሠራል።

የቀጠልክበትን ቦታ በሶልደር በይደውና እያንዳንዱን ሽቦ ለየብቻ ሸፍነው። የ220 ቮልቱ ገመድ ካለበት ጋር አብረህ አትጠቅልለው።

የጫጩት ቤት፦
ሁላችሁም ያለፋችሁት አንድ አደገኛ ነገር አለ። ኮዱ «ከ37.5 በታች ከሆነ አብራ» የሚል ከሆነ −127ም እኮ ከ37.5 በታች ነው! ሌሊት አንድ ሽቦ ቢላቀቅ አምፖሉ እስኪነጋ አይጠፋም፤ ጠዋት የምታገኘው የተቀቀለ እንቁላል ነው። ስለዚህ ከ5 በታች ወይም ከ50 በላይ የሆነን ንባብ ኮዱ እንደ ስህተት ይጣለው። አምስት ጊዜ ተከታትሎ ከመጣ አምፖሉን ያጥፋና የማስጠንቀቂያ ባዘር ያስጩህ።

ቀጭ ቀጩ የመጣው ማብሪያውና ማጥፊያው አንድ ቁጥር ስለሆነ ነው። ሴንሰሩ 0.0625 ዲግሪ እንኳ ስለሚለይ ትንሽ ነፋስ ይበቃዋል። 37.3 ሲወርድ አብራ፣ 37.7 ሲያልፍ አጥፋ፤ በሁለቱ መካከል ያለበት ይቆይ። ንባቡንም በየ2 ሰከንዱ አድርገው።

ብዙዎቹ የሪሌይ ሞጁሎች የሚበሩት የሚያዛቸው የናኖው ፒን ወደ ዜሮ ቮልት ዝቅ ሲል ነው። ስለዚህ ሴትአፕ (ናኖው ሲነሳ አንዴ የሚሠራው የኮዱ ክፍል) ውስጥ መጀመሪያ ፒኑን ሃይ (5 ቮልት) በለው፣ ከዚያ አውትፑት አድርገው። ከገለበጥከው ናኖው በተነሳ ቁጥር አምፖሉ ብልጭ ይላል።

በሪሌዩ «ኮመን» እና «ኖርማሊ ኦፕን» በተባሉት መሰኪያዎች በኩል የምታሳልፈው ፌዙን (ኤሌክትሪክ ያለበትን ሽቦ) ነው፣ ኑሉን (መመለሻውን) አይደለም። ሶኬቱን ሳትነቅል እጅህን አታስገባ። ፋኑ የ12 ቮልት ከሆነ የራሱ አዳፕተር ይኑረው፤ ከናኖው አትሰርቅለት።

መብራት ለሚጠፋበት ጊዜ በውኃ የተሞሉ ሁለት ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ ከሳጥኑ ግርጌ አስቀምጥ። ሳጥኑ መጀመሪያ ሲሞቅ ያዘገዩታል፣ ግን ቶሎ እንዳይቀዘቅዝ ያግዛሉ።

ጀማሪ ከሽምብጥ፦
እግዜር ይስጥልኝ። 4.7 ኪሎውን አስገባሁት፤ በ4 ሜትር ገመድ ከሰዓት ሙሉ አንድም −127 አላየሁም። ፔርሙሱ ላይ የትኩሳት መለኪያው 37.9 ሲል ሴንሰሩ 37.7 አለ። አሁን የቀረኝ፣ ናኖው ሲነሳ የመጀመሪያዋ ንባብ 85 ትሆንና ቀጥሎ 26 ይመጣል።

ኦም፦
85 ሴንሰሩ ኃይል ሲያገኝ ገና ሳይለካ የሚይዘው ቁጥር ነው። «ለካ» ብለኸው በ12 ቢት ለክቶ ለመጨረስ እስከ 750 ሚሊ ሰከንድ ይፈልጋል፤ አንተ ቀድመህ እያነበብክ ነው። ሴትአፕ መጨረሻ ላይ አንዴ አስለካው፣ 1 ሰከንድ ጠብቅ፣ ንባቡን ጣለው። ሥራ መሃል 85 ካየህ ግን የኮድ ጉዳይ አይደለም፤ ቀዩ ወይም ጥቁሩ ሽቦ ላልቶ ኃይል እየተቋረጠበት ነው።

ዘጌ ማዶ፦
0.2ቷን ደምርና እንቁላል ሳታስገባ 24 ሰዓት አስኪደው። ሴንሰሩ ከእንቁላሉ እኩል ከፍታ ላይ ይሁን፤ አምፖሉ በቀጥታ እንዳያየው።