ታሞክሲፈን ያለ ምርመራ ይሰጥ?

ጠያቂ (ፍኖተ ሰላም)፦ አክስቴ የጡት ካንሰር ተገኝቶባት ትናንት ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። አንዱ ሐኪም «የሆርሞን ተቀባይ (ሆርሞን ካንሰሩን የሚያሳድግበት፣ ሴሉ ውስጥ ያለ ፕሮቲን) ምርመራ ያስፈልጋታል፤ ከጡቷ የወጣው ናሙና አዲስ አበባ ይሂድ» አለን። ሌላው «ዝም ብላ ታሞክሲፈን (ያንን ተቀባይ የሚዘጋውን ኪኒን) ትጀምር» አለ። ለሁሉም ያለ ምርመራ ቢሰጥ ምን ይጎዳል?

ነርስ (ደብረ ማርቆስ)፦ ይሰጥ! አብዛኛው የጡት ካንሰር ተቀባዩ አለው። መድኃኒቱም ርካሽ ነው። ናሙናው አባይን ተሻግሮ እስኪመለስ ስንቷ እናት በዚያው ቀረች! ብንደውል ስልኩ አይነሳም።

ፓቶሎጂስት (የሥጋ ናሙና መርማሪ ሐኪም፣ ባሕር ዳር)፦ እህቴ፣ ልፋታችሁን አውቃለሁ፤ ግን አልስማማም። ምርመራው ቅንጦት አይደለም። በሰም የተያዘውን ሥጋ በስሱ ቆርጠን አንቲቦዲ፣ ማለትም ተቀባዩን ፈልጎ የሚይዝ ፕሮቲን፣ እናደርግበታለን። ተቀባዩ ካለ የሴሉ አስኳል ቡናማ ይሆናል። ከ100 የካንሰር ሴል 1 እንኳ ከቀለመ ፖዘቲቭ ነው። ያኔ ታሞክሲፈን ለ5 ዓመት ቢወሰድ በሽታው የመመለስ ዕድሉ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ጭራሽ ካልቀለመ ግን አይረዳትም። ታክሜያለሁ ብላ ትቀመጣለች፤ የደም መርጋቱንና የማሕፀን ካንሰሩን ስጋት ግን ትሸከማለች።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። በቅርቡ ሙሉ ጡት ጠባብ ዕቃ ውስጥ ታጭቆ መጣልኝ። ሥጋው እንዳይበሰብስ የሚያደርገው ፈሳሽ፣ ፎርማሊኑ፣ ላዩን ብቻ ነክቶታል። ስሰነጥቀው መሀሉ ላሽቋል፣ ይሸታል። እንዲህ ያለው ተቀባይ ቢኖረውም ላይቀልም ይችላል።

ነርስ፦ ዶክተር፣ ለእኔው መሰከሩልኝ እኮ! በተበላሸ ናሙና «ኔጌቲቭ» ተብላ መድኃኒቱን ብትከለከልስ?

ፓቶሎጂስት፦ እሱ ላይ እውነትሽን ነው። ለዚህ ነው ከዕጢው አጠገብ ያለውን ጤነኛ የወተት ቧንቧ አብረን የምናየው። እሱም ካልቀለመ «ኔጌቲቭ» አንልም፤ «ማንበብ አልተቻለም» ብለን እንጽፋለን። ዋናው ነገር ጡቱ እንደወጣ፣ 1 ሰዓት ሳይሞላው፣ ተሰንጥቆ በቂ ፎርማሊን ውስጥ መግባቱ ነው።

የካንሰር ሐኪም፦ አንድ ነገር ተረሳ። ኬሞ (የካንሰር ሴሎችን የሚገድል መድኃኒት) የታዘዘላት ሴት ታሞክሲፈን የምትጀምረው ኬሞው ሲያልቅ ነው። ያ ወራት ይፈጃል፤ ውጤቱ እስኪመጣ ጊዜ አለ። ኬሞ የማትወስድ፣ ናሙናዋም በምንም መንገድ ሊመረመር የማይችል ከሆነ ግን ከነርሷ ጋር ነኝ፤ ይሰጣት።

ጠያቂ፦ አክስቴ ኬሞ ትወስዳለች ተብሏል። ናሙናው እኮ እኔ እጅ ነው፤ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ሳይሰነጠቅ። አሁኑኑ ወደ ሆስፒታሉ ይዤው ልመለስ።